ቴክሳስ ሆልደም ፖከር፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ካርታ ይዞ ከማያውቅ ሰው ይነሱና ጠረጴዛ ላይ ጭቅጭቅ ወደሚያስነሱት ይሄዳሉ።

ቴክሳስ ሆልደም ምን ዓይነት ፖከር ነው?

ፖከር የአንድ ጨዋታ ስም ሳይሆን የብዙ ጨዋታዎች የቤተሰብ ስም ነው። ዛሬ ግን "ፖከር እንጫወት" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቴክሳስ ሆልደምን ማለቱ ነው። መነሻው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው፤ የግዛቲቱ ምክር ቤት ሮብስታውን የምትባለውን ከተማ የትውልድ ቦታው ብሎ እውቅና ሰጥቷል። ስሙ የገነነው ግን በላስ ቬጋስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያ የተጀመረው የዓለም ፖከር ውድድር ዋናውን ፍልሚያ የሚያካሂደው በዚሁ ጨዋታ ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያያቸው ሁለት ካርታዎች ይታደሉታል። መሃል ላይ ደግሞ የሁሉም የሆኑ አምስት ካርታዎች በየተራ ይገለጣሉ። ከእነዚህ ሰባት ካርታዎች ምርጥ አምስቱን ያወጣ ያሸንፋል። ሁለተኛም የማሸነፊያ መንገድ አለ፦ ሌሎቹ ሁሉ ካርታቸውን ከጣሉ፣ ብቻውን የቀረው ምንም ይያዝ ምን መሃል ያለውን ይወስዳል። ጀማሪ የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ጨዋታውን ከዕጣ የሚለየውም እሱ ነው።

ለመጫወት ምን ያስፈልጋል? ስንት ሰውስ ይበቃል?

ጆከሮቹ የወጡለት ባለ 52 ካርታ፣ ቺፕ (በገንዘብ ፋንታ የሚቆጠር ሳንቲም መሰል ነገር)፣ እና አዳዩን የሚያመለክት አንድ ክብ ነገር (በተን ይሉታል፤ የጠርሙስ ክዳንም ይሠራል)። ተጫዋቾች ከሁለት እስከ አስር ይሆናሉ። በሂሳብ ከሄድን 22 ሰውም ይችላል፤ ግን ተራ እስኪደርስ እንቅልፍ ይወስዳል። ለመማር ከአራት እስከ ስድስት ሰው ጥሩ ነው።

የቺፕ አከፋፈል ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው በጣም ጥቂት ስለሚሰጡ በሁለተኛው ጨዋታ ሁሉም ነገር ያልቃል። ደንበኛው ልክ የትልቁ ብላይንድ 100 እጥፍ ነው (ብላይንድ ካርታ ሳይታይ ሁለት ሰዎች በግዴታ የሚያስቀምጡት መነሻ ነው፤ አንዱ ትንሹን፣ ሌላው ትልቁን)። ብላይንዱ 5 እና 10 ከሆነ ለአንድ ሰው 1,000 ይሰጣል፦ ባለ 5 ሃያ ቺፕ፣ ባለ 25 ስምንት፣ ባለ 100 ሰባት። ይህ በአንድ ሰው 35 ቺፕ ነው፤ ለስድስት ሰው 210 ይበቃል። ሕጉን ለመማር ቺፖቹ የገንዘብ ዋጋ ባይኖራቸውም ግድ የለም። በገንዘብ መጫወት በብዙ አገር በሕግ የተገደበ ስለሆነ ያሉበትን አገር ሕግ ማወቅ ይቅደም።

አንድ ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ይሄዳል?

ካርታው ይበወዛል፣ ይቆረጣል። ከበተኑ በስተግራ የተቀመጠው ትንሹን ብላይንድ፣ ቀጥሎ ያለው ትልቁን ብላይንድ ያስቀምጣል። አዳዩ ከትንሹ ብላይንድ ጀምሮ አንድ አንድ ካርታ ሁለት ጊዜ እየዞረ ያድላል። ከዚያ የመጀመሪያው የማስያዣ ዙር ይጀመራል፤ በዚህ ዙር መጀመሪያ የሚናገረው ከትልቁ ብላይንድ በስተግራ ያለው ነው።

ዙሩ ሲያልቅ አዳዩ የላይኛዋን ካርታ ሳያሳይ ወደ ጎን ያደርጋትና ሦስት ካርታ መሃል ላይ ይገልጣል፤ ፍሎፕ የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛ የማስያዣ ዙር ይከተላል። እንደገና አንዷን ወደ ጎን፣ አራተኛዋን (ተርን) ወደ መሃል፤ ሦስተኛ ዙር። አሁንም አንዷን ወደ ጎን፣ አምስተኛዋን (ሪቨር) ወደ መሃል፤ አራተኛና የመጨረሻ ዙር። ከፍሎፕ በኋላ ባሉት ሦስት ዙሮች መጀመሪያ የሚናገረው ከበተኑ በስተግራ ካሉት ውስጥ ካርታውን ያልጣለው ነው፤ በተኑ ጋ ያለው ሁልጊዜ መጨረሻ ይናገራል። ከአንድ ሰው በላይ ከቀረ ካርታ ይገለጣል፣ አሸናፊው ይወስዳል፣ በተኑ አንድ ቦታ ወደ ግራ ይሄዳል።

ካርታዋን ሳያዩ ወደ ጎን ማድረግ (ማቃጠል ይሉታል) ለጌጥ አይደለም። ሰዎቹ እያስያዙ ሳለ የላይኛዋ ካርታ ጀርባ ለሁሉም ይታያል። ጀርባዋ ላይ ጭረት ወይም ምልክት ካለ ያወቀ ሰው ቀጥሎ የሚወጣውን ገመተ ማለት ነው፤ ስለዚህ ያቺ ካርታ ከጨዋታ ትወጣለች።

ካርታዬን ሳላይ ብላይንድ የምከፍለው ለምንድን ነው?

ማንም ምንም ባያስቀምጥ ሁሉም ሁለት አስ እስኪደርሰው ካርታ እየጣለ ይጠብቅ ነበር፤ የሚጣሉበት ነገር ከሌለ ደግሞ ጨዋታ የለም። ብላይንድ መሃል ላይ የሚጀመር ነገር ያስቀምጣል። በተኑ ስለሚዞር ሸክሙ ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ትንሹ ብላይንድ እንደ ልማድ የትልቁ ግማሽ ነው።

የተከፈለው ብላይንድ እንደ ማስያዣ ይቆጠራል። ትንሹ ብላይንድ ላይ ያለው ለመቀጠል ልዩነቱን ብቻ ይጨምራል። ማንም ካላሳደገ ደግሞ ትልቁ ብላይንድ ላይ ያለው ሰው ምርጫ አለው፤ ዝም ብሎ ማለፍ ወይም ማሳደግ ይችላል። አዳዩ ይህን ረስቶ ፍሎፑን ቶሎ መግለጡ ሳሎን ውስጥ ከሚፈጸሙት ስህተቶች ሁሉ ይበዛል።

ተራዬ ሲደርስ ምን ምን ማድረግ እችላለሁ?

ከእርስዎ በፊት በዚያ ዙር ማንም ካላስያዘ ሁለት ምርጫ አለ፦ ቼክ (ምንም ሳያስቀምጡ ተራ ማሳለፍ) ወይም ማስያዝ። ከእርስዎ በፊት ያስያዘ ካለ ምርጫው ሦስት ይሆናል፦ ፎልድ (ካርታ መጣል)፣ ኮል (እሱ ያስያዘውን ያህል ማስቀመጥ)፣ ወይም ሬይዝ (ከዚያ በላይ ማሳደግ)። ዙሩ የሚያልቀው ያልጣሉት ሁሉ እኩል ሲያስቀምጡና እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሲናገር ነው።

ቼክ ማለት በሚቻልበት ቦታ ፎልድ ማለት ትርጉም የለውም፤ ቀጣዩን ካርታ በነፃ ማየት እየተቻለ ነውና። ያለ ተራ መናገርም ክልክል ነው፤ "እኔ ጥያለሁ" ብሎ ቀድሞ መናገር እንኳ ከኋላ ላለው ሰው የማይገባውን መረጃ ይሰጣል።

የትኛው እጅ የትኛውን ይበልጣል?

እጅ ማለት አንድ ተጫዋች የሚያወጣቸው አምስት ካርታዎች ናቸው። ከትልቁ ወደ ትንሹ፦

1. ሮያል ፍላሽ፦ 10፣ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግ፣ አስ፣ ሁሉም አንድ ምልክት
2. ስትሬት ፍላሽ፦ ተከታታይ አምስት፣ ሁሉም አንድ ምልክት
3. አራት አንድ ዓይነት፦ ለምሳሌ አራት 8
4. ፉል ሃውስ፦ ሦስት አንድ ዓይነት ከአንድ ጥንድ ጋር
5. ፍላሽ፦ አምስቱም አንድ ምልክት፣ ተከታታይ ያልሆኑ
6. ስትሬት፦ ተከታታይ አምስት፣ ምልክታቸው የተቀላቀለ
7. ሦስት አንድ ዓይነት
8. ሁለት ጥንድ
9. አንድ ጥንድ
10. ከፍተኛ ካርታ፦ ከላይ ካሉት አንዱም ያልተገኘበት

ብዙ ሰው የሚያምታታው ፍላሽና ስትሬትን ነው። ደረጃው የወጣው በብርቅነት ስለሆነ ቁጥሩን ማየት ይበቃል። ከ52 ካርታ 2,598,960 የተለያዩ ባለ አምስት እጆች ይወጣሉ። ከእነዚህ ስትሬት የሚሆኑት 10,200፣ ፍላሽ 5,108፣ ፉል ሃውስ 3,744፣ አራት አንድ ዓይነት 624፣ ሮያል ፍላሽ አራት ብቻ ናቸው። የሚገርመው፣ ሆልደም ውስጥ ከሰባት ካርታ ስለሚመረጥ ምንም ሳያገኙ በከፍተኛ ካርታ መቅረት (17 በመቶ ገደማ) አንድ ጥንድ ይዞ ከመጨረስ (44 በመቶ ገደማ) ይልቅ ብርቅ ነው። ደረጃው ግን በዚህ ምክንያት አልተቀየረም።

ምልክቶቹ (ልብ፣ ዳይመንድ፣ ስፔድ፣ አበባ) በመካከላቸው ብልጫ የላቸውም። "የእኔ ፍላሽ ስፔድ ስለሆነ ይበልጣል" የሚል ሰው ከሌላ የካርታ ጨዋታ ያመጣውን ሕግ ነው የሚናገረው።

እጄ ላይ ያሉትን ሁለቱንም ካርታዎች የግድ መጠቀም አለብኝ?

የለብዎትም። ሁለቱንም፣ አንዱን ብቻ፣ ወይም አንዱንም ሳይጠቀሙ መሃል ያሉትን አምስቱን መጫወት ይቻላል። ሁለት ካርታ የግድ የሚለው ሕግ የኦማሃ ነው፤ እሱ ሌላ የፖከር ዓይነት ነው።

በቅርበት እንየው። መሃል ላይ የልብ ኪንግ፣ 9፣ 6፣ 3 እና አንድ ጥቁር 10 አሉ። እርስዎ የልብ አስ ከአበባ 2 ጋር ይዘዋል። ባላጋራዎ የልብ ኩዊንና የልብ ጃክ ይዟል። እሱ "እኔ ሁለት ልብ አለኝ" ብሎ እጁን ወደ ቺፖቹ ይዘረጋል፤ ያሸነፉት ግን እርስዎ ነዎት። የእርስዎ ፍላሽ አስ፣ ኪንግ፣ 9፣ 6፣ 3 ነው፤ የእሱ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ 9፣ 6። ፍላሽ በፍላሽ ሲገጥም ትልቋ ካርታ ትወስናለች እንጂ ስንቷ ከእጅ እንደመጣች አይጠየቅም።

አስ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ?

ትልቅ ነው፤ ስትሬት ውስጥ ብቻ ትንሽ መሆን ይችላል። አስ፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ስትሬት ነው፤ ከስትሬቶች ሁሉ ግን ትንሹ ነው፣ በባለ 6 ስትሬት ይሸነፋል። ዙሮ መያያዝ የለም፦ ኩዊን፣ ኪንግ፣ አስ፣ 2፣ 3 ስትሬት አይባልም።

ሁለታችንም አንድ ዓይነት እጅ ብንይዝስ?

መጀመሪያ የጥንዱ ወይም የሦስቱ ትልቅነት ይታያል፤ እኩል ከሆኑ የቀሩት ካርታዎች ከትልቋ ጀምሮ ይነፃፀራሉ። ይህች አሟይ ካርታ ኪከር ትባላለች። መሃል ላይ አስ፣ ኪንግ፣ 7፣ 5፣ 2 ቢኖር፣ አስ ከኩዊን ጋር የያዘው አስ ከ9 ጋር የያዘውን ያሸንፋል፦ ሁለቱም የአስ ጥንድና ኪንግ አላቸው፣ ቀጥላ የምትመጣው ግን ለአንዱ ኩዊን ለሌላው 9 ናት። "አስ አለኝ" ብሎ ማንኛውንም አስ የሚጫወት ጀማሪ ቺፑን የሚጨርሰው በዚህ ነው። ፉል ሃውስ ሲጋጠም ሦስቱ ይቀድማሉ፤ ሦስት 10 ከሁለት 2 ጋር፣ ሦስት 9 ከሁለት አስ ጋር የያዘውን ይበልጣል።

ንጽጽሩ አምስተኛዋ ካርታ ላይ ያበቃል፤ ስድስተኛና ሰባተኛ የሚባል የለም። ይህን ያልተረዳ ሰው የሚቀጣበት ቦታ አለ። እጅዎ ላይ ሁለት 5 አለ፤ መሃል ላይ ኪንግ፣ ኪንግ፣ 8፣ 8፣ አስ ወጣ። "ሦስት ጥንድ አለኝ" የሚባል ነገር የለም። ምርጥ አምስትዎ ኪንግ፣ ኪንግ፣ 8፣ 8፣ አስ ነው፤ የ5 ጥንድዎ ጠፍቷል። ኩዊንና ጃክ ይዞ ምንም ያላገኘው ባላጋራዎም እነዚያኑ አምስት ካርታዎች ይጫወታል፣ ስለዚህ እኩል ትካፈላላችሁ። አንዲት አስ የያዘ ካለ ደግሞ ሁለታችሁንም ያሸንፋል።

እኩል ሲካፈሉ የማትከፈል አንድ ቺፕ ከተረፈች፣ ከተካፋዮቹ መካከል ከበተኑ በስተግራ ቀድሞ ለሚገኘው ትሰጣለች።

ማሳደግ ከፈለግኩ ትንሹ መጠን ስንት ነው?

ያለ ገደብ በሚባለው ሆልደም ጣሪያው ፊት ለፊትዎ ያለው ቺፕ ሁሉ ነው፤ ወለሉ ግን ሕግ አለው። አዲስ ማስያዣ ከትልቁ ብላይንድ ማነስ የለበትም። ሬይዝ ደግሞ ከእሱ በፊት የተጨመረውን ያህል ቢያንስ መጨመር አለበት። መታየት ያለበት ጠቅላላው ሳይሆን ጭማሪው ነው።

ብላይንዱ 5 እና 10 ነው እንበል። አንዱ ወደ 35 አሳደገ፤ በ10 ላይ የጨመረው 25 ነው። ቀጣዩ ማሳደግ ከፈለገ ቢያንስ 35 ሲደመር 25፣ ማለትም ወደ 60 ያደርሰዋል። "እጥፍ መሆን አለበት፣ 70 በል" የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው።

ቺፕ ቢያልቅብኝ እወጣለሁ? ኦል-ኢን ላይ ያለው ሰው ምን ያህል ያሸንፋል?

በማስያዣ ብዛት ማንም ከጨዋታ አይባረርም፤ በእጁ ያለውን ሁሉ አስቀምጦ (ኦል-ኢን) እስከ መጨረሻው ካርታ ይቆያል። በተቃራኒው፣ ካርታ ከታደለ በኋላ ከኪስ ገንዘብ አውጥቶ መጨመር አይቻልም። የሚያሸንፉትም የሚያጡትም ጨዋታው ሲጀመር ጠረጴዛ ላይ የነበረው ብቻ ነው።

ኦል-ኢን ያለ ሰው ከእያንዳንዱ ባላጋራ የሚወስደው እሱ ራሱ ያስቀመጠውን ያህል ነው። ሀ 100፣ ለ 300፣ መ 500 ቺፕ ይዘው ሦስቱም ሁሉንም አስገቡ እንበል። መጀመሪያ ከእያንዳንዳቸው 100 ተወስዶ 300 የሆነ ዋና ፖት (መሃል የተሰበሰበው ቺፕ) ይሠራል፤ ሦስቱም ይፎካከሩበታል። ቀጥሎ ከለ እና ከመ 200 ተወስዶ 400 የሆነ የጎን ፖት ይሠራል፤ ሀ እዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም። የመ ቀሪ 200 ተፎካካሪ ስለሌለው ይመለስለታል። የሀ እጅ ከሁሉም ቢበልጥ 300ውን ይወስዳል፣ 400ው ግን ከለ እና ከመ ለተሻለው ነው። ሲገለጥ ከጎን ፖት መጀመር ይሻላል፤ ከዋናው ከተጀመረ ሰው የተሸነፈ መስሎት ካርታውን ይጥላል።

ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ለምን ቅደም ተከተሉ ይቀየራል?

ሁለት ሰው ሲሆን በተኑ ጋ ያለው ራሱ ትንሹን ብላይንድ ይከፍላል። ከፍሎፕ በፊት መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው፤ ከፍሎፕ በኋላ ግን መጨረሻ። የተለመደው ሕግ ቢቀጥል ኖሮ ትልቁን ብላይንድ የሚከፍለው ሰው መጨረሻ የመናገርን ጥቅም በሁሉም ዙር ይዞ ይቀር ነበር።

የትኞቹን ሁለት ካርታዎች ልጫወት?

ከአብዛኞቹ መራቅ ይሻላል። ሊደርስዎ የሚችለው የሁለት ካርታ ጥምረት 1,326 ነው። ሁለት አስ የሚመጣው ከ221 ጊዜ አንዴ ነው፤ ማንኛውም ጥንድ ደግሞ ከ17 ጊዜ አንዴ። ስለዚህ ጥሩ ካርታ መጠበቅ ማለት ብዙ መጣል ማለት ነው። ዘጠኝ ሰው ባለበት ጠረጴዛ ቀድመው ከሚናገሩት አንዱ ከሆኑ ከ9 ጥንድ ጀምሮ ያሉትን ጥንዶች፣ አስ ከኪንግና አስ ከኩዊን ጋር ብቻ ይያዙ። ወደ በተኑ እየቀረቡ ሲሄዱ ትናንሽ ጥንዶችን፣ ኪንግ ከኩዊን ጋር፣ አንድ ምልክት ያላቸውን አስ ያለባቸውን እጆችና እንደ ጃክና 10 ያሉ ተከታታዮችን ይጨምሩ። የተቀመጡበት ቦታ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣው፣ መጨረሻ የሚናገር ሰው የሌሎቹን ውሳኔ አይቶ ስለሚወስን ነው። በእኔ ግምት ጀማሪ የእጅ ደረጃን ከሸመደደ በኋላ ቀጥሎ መማር ያለበት ይህን እንጂ ብላፍን (ደካማ እጅ ይዞ በማስያዝ ማስፈራራትን) አይደለም።

"አንድ ምልክት ናቸው" ተብሎ ደካማ ካርታ መያዝ ውድ ልማድ ነው። አንድ ምልክት ያላቸው ሁለት ካርታዎች ፍሎፕ ላይ ፍላሽ የሚሆኑት ከ118 ጊዜ አንዴ ገደማ ነው። ትንሽ ጥንድ ይዘው ፍሎፕ ላይ ሦስተኛዋን የማግኘት ዕድል ደግሞ 12 በመቶ አካባቢ ነው፤ ካልመጣችና ትልቅ ማስያዣ ከገጠመ መጣል ነው።

ፍላሽ ሊሞላልኝ አንድ ካርታ ቀርቶኛል፤ ልክፈል ወይስ ልጣል?

የሚጠቅሙዎትን ካርታዎች ይቁጠሩ። ከአንድ ምልክት 13 አሉ፤ አራቱን ስለሚያዩ ዘጠኝ ይቀራሉ። ሁለት ካርታ ገና የሚወጣ ከሆነ ቁጥሩን በ4፣ አንድ ብቻ ከቀረ በ2 ያባዙ፤ በመቶኛ የሚቀራረብ መልስ ያገኛሉ። ዘጠኝ በ4 ሲባዛ 36 ነው (ትክክለኛው 35)፤ በ2 ሲባዛ 18 (ትክክለኛው 19 ከምናምን)። በሁለቱም ጫፍ ክፍት ለሆነ ስትሬት የሚጠቅሙት ስምንት ናቸው፤ በመሃል አንዲት ብቻ ለጎደለችው አራት።

ከዚያ ዋጋውን ያስሉ። መሃል ላይ 80 አለ፣ ባላጋራዎ 40 አስያዘ። እርስዎ 40 ሲጨምሩ ፖቱ 160 ይሆናል፤ 40 የ160 ሩብ ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ 25 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያስፈልግዎታል። ሪቨር ብቻ ከቀረ 20 በመቶ አይሞላም፤ ቢሞላልኝ ተጨማሪ ይከፍለኛል ብለው ካላመኑ በስተቀር ይጣላል። ባላጋራዎ ፍሎፕ ላይ ኦል-ኢን ከሆነ ግን ሁለቱንም ካርታ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚያዩ 35 በመቶው የእርስዎ ነው፤ ይከፈላል። የተለመደው ስህተት ፍሎፕ ላይ በ4 አባዝቶ ከፍሎ፣ ተርን ላይ ሌላ ማስያዣ ሲመጣ መደናገጥ ነው። የ4ቱ ሂሳብ የሚሠራው ሁለተኛዋን ካርታ በነፃ የሚያዩ ከሆነ ነው።

ብላፍ መቼ ይሠራል?

ባላጋራው ካርታ የሚጥል ሰው ሲሆን። መሃል 100 ካለና 50 አስይዘው ቢያስፈራሩ፣ ትርፍና ኪሳራው እኩል እንዲሆን ከሦስት ጊዜ አንዴ መጣል አለበት። 100 ቢያስይዙ ከሁለት ጊዜ አንዴ። ሦስት አራት ሰው በቀረበት ፖት ውስጥ ሁሉም አብረው እንዲጥሉ መጠበቅ ምኞት ነው፤ "ምን እንደያዘ ልየው" ብሎ ሁሉን የሚከፍል ሰው ላይ ደግሞ ብላፍ አይጀመርም። ከሁሉ የሚሻለው ገና ሊሞላ የሚችል እጅ ይዞ ማስፈራራት ነው፤ ቢከፍልም ካርታው ሊመጣ ይችላል።

ቺፕ ሁለት ጊዜ ስገፋ "ሬይዙ አይቆጠርም" ተባልኩ። ለምን?

ማሳደግ በአንድ እንቅስቃሴ ወይም በቃል መሆን አለበት። መጀመሪያ የኮሉን ያህል ገፍቶ የሌላውን ፊት አይቶ ተጨማሪ መግፋት ማጭበርበሪያ ስለሚሆን የመጀመሪያው ብቻ እንደ ኮል ይቆጠራል። እንደዚሁ፣ አንዱ 25 ካስያዘ በኋላ ሳይናገሩ አንዲት ባለ 100 ቺፕ ቢያስቀምጡ ኮል ነው፣ 75 ይመለስልዎታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቺፕ ከመንካት በፊት "ሬይዝ፣ ወደ 100" ይበሉ። በተራ የተነገረ ቃል ይጸናል፤ ተናግሮ መመለስ የለም።

ከሬይዙ ወለል ያነሰ ኦል-ኢን ሲመጣ እንደገና ማሳደግ ይቻላል?

ለመጨረሻው ሙሉ ሬይዝ ገና ያልመለሱ ይችላሉ፤ የመለሱ ወይም ራሳቸው ያሳደጉት አይችሉም። ሀ 40 አስያዘ፣ ለ ወደ 100 አሳደገ፣ መ በ130 ኦል-ኢን ገባ። ሙሉ ሬይዝ ለመሆን 160 መድረስ ነበረበት፤ የመ ጭማሪ 30 ብቻ ነው። ሀ ለ ላደረገው ሙሉ ሬይዝ ገና መልስ ስላልሰጠ ኮል፣ ፎልድ ወይም ሬይዝ ማለት ይችላል። ሀ 130ውን ኮል ካለ ግን ለ ያለው ምርጫ 30 ጨምሮ መቀጠል ወይም መጣል ነው፤ ማሳደግ አይችልም፣ የራሱን ሬይዝ ሙሉ በሙሉ ያሳደገበት የለምና።

ፍሎፑ ያለ ጊዜው ቢገለጥ ወይም ሲታደል ካርታ ቢታይስ?

በእደላው መጀመሪያ ከሚወጡት ሁለት ካርታዎች አንዷ ከታየች እንደገና በውዞ ማደል ነው። ከዚያ በኋላ የአንድ ሰው አንዲት ካርታ ከታየች እደላው ይቀጥላል፤ ሲያልቅ ምትክ ይሰጠዋል፣ የታየችው ካርታ ደግሞ በመጀመሪያዋ የምትቃጠል ካርታ ፋንታ ትገባለች። ማስያዙ ሳያልቅ ፍሎፑ ከተገለጠ ሦስቱ ካርታዎች ከቀሪው ጋር ይበወዛሉ፤ የተቃጠለችው ባለችበት ትቆያለች፣ ማስያዙ ሲያልቅ ሌላ ሳይቃጠል አዲስ ፍሎፕ ይወጣል። "ያው ነው፣ ይሁን" ማለት አይገባም፤ ገና ያልወሰነ ሰው ያንን ፍሎፕ አይቶታል።

መጨረሻ ላይ መጀመሪያ ካርታ የሚያሳየው ማነው? ካርታዬን ከጣልኩ በኋላ አሸናፊ እንደነበርኩ ባውቅስ?

በመጨረሻው ዙር መጨረሻ ያስያዘው ወይም ያሳደገው ሰው ቀድሞ ይገልጣል። በዚያ ዙር ሁሉም ቼክ ካሉ ከበተኑ በስተግራ ካሉት የመጀመሪያው ይጀምራል። የሚቆጠረው ጠረጴዛው ላይ የተገለጠው ካርታ እንጂ አፍ የተናገረው አይደለም፦ "ሁለት ጥንድ" ብለው ስትሬት ቢኖርዎት ስትሬቱ ያሸንፋል። ድርሻ ለመጠየቅ ግን መሃል ያሉትን አምስቱን ብቻ እየተጫወቱ ቢሆንም ሁለቱም ካርታዎችዎ መገለጥ አለባቸው።

ሳይገለጥ ተጥሎ ከተጣሉት ጋር የተቀላቀለ እጅ ሞቷል፤ ምን እንደነበረ ቢያስታውሱም አይመለስም። ስለዚህ ባላጋራዎ "ፍላሽ አለኝ" ሲል ካርታዎን አይወርውሩ። አምስቱንም ምልክት በዓይንዎ ካላዩ ሁለቱንም ካርታዎን ገልጠው ፊትዎ ያቆዩ፤ ፖቱ ተገፍቶ ለአሸናፊው እስኪደርስ ድረስ።